አሮጌ መፍቻና ፒንሳ ከመጣልዎ በፊት በላዩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ታክስ፣ ስለ ሱቅ ኪራይ ውልና ስለ ፈቃድ እድሳት ነው። ዛሬም ከታክስ አንርቅም። መንገዳችን ግን በሱቃችሁ ምድር ቤት፣ በጋራዣችሁና በታክሲያችሁ የኋላ ሻንጣ በኩል ነው። የምንነጋገረው ስለ አሮጌ መፍቻና ስለ አሮጌ ፒንሳ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአገሬው ሰው ሱቅ ወይም ጋራዥ የሚገዛ ወገናችን ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ባለቤት የቀረ የመሣሪያ ሣጥን አብሮ ይረከባል። በሣጥኑ ውስጥ መንጋጋቸው የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻዎች፣ ጂራቱቦዎች፣ ዓይነታቸው የበዛ ፒንሳዎች ይገኛሉ። አንዳንዱ «ዝገት ነው» ብሎ ለቁራጭ ብረት ሰብሳቢ በፓውንድ ይሰጠዋል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ በእሑድ ገበያ «ይህ አንቲክ ነው» ሲሉት ለኪራይ የያዘውን ገንዘብ አውጥቶ በየቦታው የሞላ ዕቃ ይገዛል። ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ምክንያት ነው። ብረቱ ላይ የተጻፈውን አላነበቡም። ሦስተኛ ተጎጂም አለ፤ ዕቃውን በደንብ አውቆ በጥሩ ዋጋ ይሸጥና የገዛበትን ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው በታክስ ጊዜ ይቸገራል። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ በሁለት ቃል ያልቃል፤ ብረቱን ማንበብ፣ ወረቀቱን መጻፍ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ለአሮጌ ብረት ዓይን አለው። እዚያ ብረት አይጣልም። አሜሪካ ውስጥ ግን አሮጌ መሣሪያ የሚፈለገው ለመሥሪያነቱ ብቻ አይደለም። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለሠሪው ስም፣ ለዘመኑና ለጤንነቱ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዓይነቱን መለየት

መጀመሪያ ዕቃው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ወገን «መንኪ ሬንች» የሚባለው ነው። መዶሻ ይመስላል፤ መንጋጋዎቹ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ፣ የታችኛው መንጋጋ ደግሞ በጥርሳም ዘንግ ወደላይና ወደታች ይሄዳል። ብዙዎቹ የእንጨት እጀታ አላቸው። የዚህን ዓይነት መፍቻ በአሜሪካ ያስፋፋው የማሳቹሴትስ ዎርስተር ከተማ ሰው ሎሪንግ ኮዝ ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1841 ነበር። «ኮዝ» የሚል ስም ያለበት መፍቻ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይታወቃል።

ሁለተኛው ወገን ጂራቱቦ ነው። ጥርሳም መንጋጋው በተጫኑት ቁጥር ቱቦውን ይበልጥ ይነክሳል። ይህን የፈለሰፈው ዳንኤል ስቲልሰን ሲሆን መብቱ የተመዘገበው በ1869 ነው። በቦስተን አካባቢ የነበረው የዎልወርዝ ኩባንያ አምርቶታል።

ሦስተኛው ወገን ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው፣ ራሱ ጋደል ያለና በአውራ ጣት በምትዞር ትንሽ መዘውር የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ነው። ይህን ቅርጽ ያሳመረው ስዊድናዊው ዮሐን ፔተር ዮሐንሰን ነው፤ በኤንሾፒንግ ከተማ ይሠራ ነበር። ሥራው በዓለም የታወቀው «ባኮ» በሚለው ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ስዊድናውያን በሰፈሩባት በጀምስታውን፣ ኒው ዮርክ፣ ካርል ፒተርሰን በ1907 የክረሰንትን የመሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። «ክረሰንት» የሚለው ስም ከመብዛቱ የተነሣ ዛሬ አሜሪካዊው ማንኛውንም እንዲህ ያለ መፍቻ በዚህ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ሻጭ «ክረሰንት ነው» ቢልዎት ቃሉን ሳይሆን እጀታውን ይመልከቱ። ስሙ እዚያ ከሌለ ክረሰንት አይደለም። ስቲልሰን፣ ቻነሎክና ቫይስ ግሪፕ የሚሉትም ስሞች እንዲሁ በአፍ ከብራንድነት ወጥተው የዕቃ መጠሪያ ሆነዋል።

ወደ ፒንሳው ስንመጣ ሦስት ዓይነት ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው የበርናርድ ፒንሳ ነው። መንጋጋዎቹ እንደ መቀስ ሳይሆን ትይዩ ሆነው ይከፈታሉ፤ ረጅም ሽቦ በመካከላቸው አልፎ በእጀታው በኩል መውጣት ይችላል። ያመረተው የኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት የሾልሆርን ኩባንያ ሲሆን፣ በላዩ ሜይ 6 ቀን 1890 እና ኦክቶበር 24 ቀን 1899 የሚሉ የፈጠራ መብት ቀናት ይገኙበታል። ሁለተኛው ብዙ ቦይ ያለውና መንጋጋው ከቦይ ወደ ቦይ እየተሻገረ የሚሰፋው ፒንሳ ነው። ይህን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የነደፈው የቻምፒዮን ዲአርመንት ኩባንያ መሐንዲስ ሃዋርድ ማኒንግ ነው። ኩባንያው የሚገኘው በሚድቪል፣ ፔንሲልቬንያ ሲሆን፣ በ1963 ስሙን «ቻነሎክ» ብሎ ለወጠ። ስለዚህ «ቻምፒዮን ዲአርመንት» የሚል ስም ብቻውን የተጻፈበት ፒንሳ ካገኙ ከስም ለውጡ በፊት የተሠራ ነው ብለው መገመት ይችላሉ።

ሦስተኛው አንዴ ከነከሰ በኋላ ራሱን ቆልፎ የሚይዘው ፒንሳ ነው። ይህኛው ለእኛ ለስደተኞች ልዩ ትርጉም አለው። የፈጠረው ከዴንማርክ የመጣ ዊልያም ፒተርሰን የተባለ አንጥረኛ ነው። በዲዊት፣ ነብራስካ በአነስተኛ መንደር እየሠራ ሳለ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ ዕቃውን የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ ቢያጣ ይህን ፒንሳ ሠራ። የመቆለፊያው መብት የተሰጠው በኤፕሪል 8 ቀን 1924 ነው። ቫይስ ግሪፕ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዚያች ትንሽ ከተማ እንጀራ ሆኖ ኖረ። ባለቤቱ የሆነው ኩባንያ በ2008 የዲዊቱን ፋብሪካ ዘግቶ ሥራውን ወደ ቻይና አዛወረ። ለዚህ ነው «ፒተርሰን» እና «ዲዊት፣ ነብር.» የሚሉ ቃላት ያሉበት አሮጌ ቫይስ ግሪፕ ዛሬ ፈላጊ ያለው።

2. ዘመኑን ማወቅ

ዕቃው ላይ የተቀረጸ ቀን ካዩ የተሠራበት ቀን ነው ብለው አይቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የፈጠራ መብት የተሰጠበት ቀን ነው። ቀኑ የሚነግረን «ከዚህ በፊት አልተሠራም» የሚለውን ብቻ ነው። የአሜሪካ የፈጠራ መብት ከ1861 እስከ 1995 ድረስ የሚጸናው ለ17 ዓመት ነበር፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ መብቱ ካበቃ በኋላም በዚያው ቅርጽ ማውጫ ማምረቱን ቀጥሏል።

አንድ ቀላል የማጣሪያ ዘዴ ልንገራችሁ። የአሜሪካ የፈጠራ መብት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የሚሰጠው ማክሰኞ ቀን ነው። በስልካችሁ የቀን መቁጠሪያ ቀኑን አውጡ። ማክሰኞ ካልዋለ ወይ ያነበባችሁት ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይ ቀኑ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቀን አይደለም። የተዳከመ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ለመለየት በጣም ይጠቅማል።

ቀን ሳይሆን የመብት ቁጥር ካለበት ደግሞ የሚከተለውን ያስታውሱ። 1,000,000ኛው መብት የተሰጠው በ1911፣ 2,000,000ኛው በ1935፣ 3,000,000ኛው በ1961 ነው። በመካከል ያሉትንም ብትፈልጉ በ1920 መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ 1,327,000፣ በ1930 መጀመሪያ ወደ 1,742,000፣ በ1940 መጀመሪያ ወደ 2,185,000፣ በ1950 መጀመሪያ ወደ 2,493,000 ደርሶ ነበር። ቁጥሩን በጉግል ፓተንትስ ላይ ብትጽፉት ሥዕሉን ጭምር ያለ ክፍያ ታገኛላችሁ። በእጃችሁ ያለው ዕቃ ከሥዕሉ ጋር መመሳሰሉን ማየት ነው። «ፓተንት ፔንዲንግ» ወይም «ፓት. አፕላይድ ፎር» የሚል ከሆነ መብቱ ተጠይቆ ገና ሳይሰጥ የተሠራ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑን ስለሚያመለክት ሰብሳቢ ይወደዋል።

የአገር ስምም ይናገራል። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ የውጭ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ሕግ አስገድዷል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። «የተያዘች ጃፓን» የሚል ትርጉም ያለው «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1952 ድረስ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። ዕቃው ከነማሸጊያው ከተገኘና አድራሻው ላይ ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ካለ፣ ማሸጊያው ከ1963 ወዲህ የታተመ ነው።

ቅቡንም ይመልከቱ። የክሮም ቅብ በንግድ ደረጃ የተስፋፋው ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያብረቀርቀው ዕቃ በአብዛኛው የኒኬል ቅብ ነበረው፣ ቀለሙም ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒኬልና ክሮም ለጦር ሥራ ስለተያዙ ብዙ መሣሪያ ያለ ክሮም፣ ጠቆር ብሎ ወይም ሌላ ቅብ ተቀብቶ ወጥቷል። ስለዚህ አንድ ታዋቂ ስም ያለበት መፍቻ ክሮም የለውም ብላችሁ አትናቁት።

3. ስለ ጃክ ጆንሰን የሚወራው

በየታክሲ ማቆሚያው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። «መንኪ ሬንችን የፈጠረው ጥቁሩ ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን ነው፤ ስሙም እሱን ለመስደብ የወጣ ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ነው። ጃክ ጆንሰን በ1908 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። በኤፕሪል 18 ቀን 1922 ለመፍቻ ማሻሻያ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ማግኘቱም እውነት ነው፤ ቁጥሩ 1,413,121 ነው። (ቀኑን ፈትሹት፣ ማክሰኞ ነው።) ነገር ግን «መንኪ ሬንች» የሚለው ስም እሱ በ1878 ከመወለዱ አስቀድሞ በሥራ ላይ ነበር። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «የጃክ ጆንሰን መፍቻ» ተብሎ ተራ መንኪ ሬንች በውድ ዋጋ ቢቀርብላችሁ ወሬውን አትግዙ፤ የመብቱን ቁጥር ጠይቁ። ሰውየው የሠራውን እናክብር፣ ያልሠራውን ግን አንክፈልበት።

4. ጤንነቱን መመርመር

ዕቃው በእጃችሁ ሲገባ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ መንጋጋውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ሳይንቀጫቀጭ መሄድ አለበት። ተዘግቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት በመካከሉ ሰፊ ክፍተት ከታየ መንጋጋው ተለጥጧል። ሁለተኛ፣ የሚንቀሳቀሰውን መንጋጋ ይዛችሁ ነቅንቁ። ጥቂት መላወስ ያለ ነው፤ በጣም ከተወዛወዘ ግን ጥርሱ ተበልቷል፤ ብሎንና ዳዶም ያበላሻል። ሦስተኛ፣ የመንጋጋውን ሥርና የፒንሳውን መገጣጠሚያ አካባቢ በደንብ አጽድታችሁ ስንጥቅ ካለ ፈልጉ። ስንጥቅ ያለበትን ዕቃ ለሥራ አትጠቀሙበት፣ ሲሸጡም ሳይናገሩ አይለፉ። አራተኛ፣ እጀታው ቀጥ ያለ መሆኑን እዩ። ቧንቧ እየሰካ በጉልበት የተጠቀመበት ሰው እጀታውን ያጎብጠዋል። አምስተኛ፣ መፍቻውን እንደ መዶሻ የተጠቀመበት ሰው ካለ ጎኑ ላይ ጠባሳ ይተዋል።

የተቆረጠ፣ የተበየደ ወይም በሞረድ የተሳለ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። የሥራ ቤት ቁጥር ወይም የቀድሞ ባለቤት ስም በመዶሻና በምስማር ተመትቶበት ከተገኘ እንደ ሁኔታው ነው። ተራ ሰብሳቢ አይወደውም፤ የባቡር ኩባንያ ምልክት ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ፈላጊ አለው።

5. ማጽዳት

ብዙ ዋጋ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን በሚዞር ድንጋይ ወይም በአሸዋ ወረቀት አስውበው ሲያመጡት ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለጽሑፉ ነውና ከዝገቱ ጋር ገንዘቡንም አራገፉት ማለት ነው።

ለተራ ዝገት ነጭ ኮምጣጤ ይበቃል። ቅብ የሌለውን ብረት ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ጠዋት በናስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መፈተግ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውኃ ማጠብ፣ ወዲያው በደንብ ማድረቅና ቀጭን ዘይት መቀባት ነው። የእንጨት እጀታ ያለውን ግን አትዘፍዝፉት፤ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። የኒኬል ወይም የክሮም ቅብ ያለውን በኮምጣጤ ውስጥ ረጅም ጊዜ አታቆዩት፤ ቅቡ ሊላጥ ይችላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ የወጡ አንዳንድ መሣሪያዎች የካድሚየም ቅብ አላቸው፤ የደበዘዘ ብርማ ነጭ መልክ ነው። ካድሚየም መርዝ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በማሽን አትፍጩ፣ በእሳት አታሙቁ፣ በአሲድም አትዘፍዝፉ፤ ኮምጣጤም አሲድ ነው። ቅቡን ካላወቃችሁት በዘይት ጨርቅ ጠርጋችሁ ተዉት። አሮጌ ቀለም ያለበትም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ልጆች ባሉበት ቤት አትፈቅፍቁት።

6. ዋጋውን መገመት

አሮጌ ሁሉ ውድ አይደለም። ለምሳሌ ፎርድ ከሞዴል ቲ መኪናዎቹ ጋር ይሰጣቸው የነበሩ፣ «ፎርድ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መፍቻዎች ወደ መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ቢኖራቸውም ብዛታቸው እጅግ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛሉ። ዋጋ የሚሰጠው ዕድሜ ብቻውን ሳይሆን ብርቅነት፣ ፈላጊና ጤንነት ሲገናኙ ነው። የተስተካካይ መፍቻ መጠሪያ መጠን ጠቅላላ ርዝመቱ ነው፤ 8 እና 10 ኢንች በየቦታው ሞልቷል፤ በጣም ትንሹ 4 ኢንችና ትልልቆቹ 18 እና 24 ኢንች ግን ያን ያህል አይገኙም።

ዋጋ ስትመረምሩ የሚጠየቀውን አትመልከቱ፤ የተሸጠበትን ተመልከቱ። በኢንተርኔት የጨረታ ገበያ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ለይቶ የሚያሳይ ክፍል አለ። አንድ ሰው 200 ዶላር ብሎ ለሁለት ዓመት ያስቀመጠው ዕቃ ዋጋው 200 ዶላር አይደለም። ከዚህም ጋር የገበያው ኮሚሽንና የፖስታ ወጪ አለ፤ ብረት ደግሞ ከባድ ነው።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የምመክራችሁ ደንብ ይህ ነው፤ ለታክሲው ኢንሹራንስ፣ ለሱቁ ኪራይና ለልጆች ትምህርት ከተያዘ ገንዘብ አንድ ሳንቲም ወደ አሮጌ ብረት አይሂድ። ይህ ዕቃ ቢቸግራችሁ ነገ ጠዋት የሚሸጥ ወርቅ አይደለም፤ ገዢውን መጠበቅ ይጠይቃል።

7. አንዱ መፍቻ፣ ሦስት ዓይነት ታክስ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሚከተለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነው፤ በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ የየአገራችሁን ጠይቁ። ያው አንዱ መፍቻ በየትኛው ኪስ እንዳለ ታክሱ ይለያያል።

የመጀመሪያው ኪስ የሥራ መሣሪያ ነው። በጋራዡ ወይም ለታክሲው ጥገና የምትጠቀሙበት መፍቻ ዋጋው ከገቢያችሁ ይቀነሳል። ይሁን እንጂ አንዴ በወጪ ከቀነሳችሁት በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ዜሮ ሆኗል። በ35 ዶላር ገዝታችሁ ሙሉውን ቀንሳችሁ ከዓመታት በኋላ በ35 ዶላር ብትሸጡት «ምንም አላተረፍኩም» ማለት አይቻልም፤ 35ቱም ገቢ ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ የምታዩትን ብርቅ መፍቻ ደግሞ የሥራ መሣሪያ ነው ብላችሁ አትቀንሱ።

ሁለተኛው ኪስ የንግድ ዕቃ ነው። አዘውትራችሁ እየገዛችሁ የምትሸጡ ከሆነ ነጋዴ ናችሁ፤ ትርፉ በሼጁል ሲ ላይ ይገባል። የዕቃው ወጪ በመሠረቱ የሚቀነሰው ሲገዛ ሳይሆን ሲሸጥ ነው። ከመደበኛው ኢንካም ታክስ በተጨማሪ የራስ ሠራተኛ ታክስ አለ፤ 15.3 በመቶ ሲሆን የሚሰላው በተጣራ ትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ይህ ታክስ የሚጀምረው በዓመት 400 ዶላር የተጣራ ትርፍ ሲኖር ነው፤ ነገር ግን 400ው የሚታየው ከታክሲውና ከሱቁ ትርፍ ጋር ተደምሮ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ከመነሻው አልፋችሁታል። የስቴቱን የሽያጭ ታክስ ምዝገባና የአሮጌ ዕቃ ንግድ ፈቃድ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑንም ከተማችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛው ኪስ የግል ስብስብ ነው። ለደስታችሁ ሰብስባችሁ ከአንድ ዓመት በላይ ካቆያችሁ በኋላ አትርፋችሁ ብትሸጡ፣ ትርፉ እንደ አንቲክና መሰል ስብስቦች ይታይና ከፍተኛው የታክስ መጠን 28 በመቶ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ እንደ መደበኛ ገቢ ይቆጠራል። ከከሰራችሁ ግን የግል ንብረት ኪሳራ አይቀነስም። «ንግድ ነው» እያሉ በየዓመቱ ኪሳራ ማስመዝገብም አያዋጣም። ከ5 ዓመት በ3ቱ ያተረፈ ሥራ እንደ ንግድ ይገመታል፤ ያልሆነው እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከተቆጠረ፣ ገቢው ታክስ ይከፈልበታል፣ ወጪው ግን ከ2018 ጀምሮ አይቀነስም።

ስለ ፎርም 1099-ኬ ብዙ ጥያቄ ይመጣል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት የኢንተርኔት ገበያው ይህን ፎርም እንዲልክ የሚገደደው ሽያጩ ከ20,000 ዶላር፣ የሽያጩም ቁጥር ከ200 ሲበልጥ ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ዝቅ ያለ መጠን አላቸው። ይሁንና ፎርሙ አልመጣም ማለት ታክሱ ቀረ ማለት አይደለም።

8. ወረቀቱ

እንበልና በእስቴት ሴል 12 መሣሪያ ያለበት ሣጥን በ60 ዶላር ገዛችሁ። በዚያው ዕለት ማታ 60ውን ለየዕቃው እንደ ግምቱ ማከፋፈል ነው፤ ለኮዝ መፍቻው 20፣ ለበርናርድ ፒንሳው 16፣ ለቀሩት አሥሩ ለእያንዳንዳቸው 2.40፣ ድምሩ 60 ነው። በኋላ የኮዙ መፍቻ በ55 ዶላር ተሸጦ ለኮሚሽንና ለፖስታ 13 ዶላር ቢወጣ፣ ትርፋችሁ 55 ሲቀነስ 13፣ ሲቀነስ 20 ነው፤ 22 ዶላር። ያ ማስታወሻ ባይኖር ግን የገዛችሁበት ዋጋ ዜሮ ተደርጎ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። እስቴት ሴልና የእሑድ ገበያ ሪሲት አይሰጡም፤ ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የከፈላችሁትንና የዕቃውን ምልክት በደብተር ጻፉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ።

ዕቃው በስጦታ ከመጣ፣ ትርፉ የሚሰላው ሰጪው በገዛበት ዋጋ ነው። በውርስ ከመጣ ደግሞ ሟቹ ባረፈበት ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ሱቅ ወይም ጋራዥ ስትገዙም የመሣሪያ ሣጥኑ ከነዋጋው በሽያጩ ውል ላይ ተለይቶ ይጻፍ። ብዙዎች ይህችን አንድ መስመር ስለማያስጽፉ በኋላ ሣጥኑ የማን እንደሆነና ስንት እንደወጣበት ማስረዳት ያቅታቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሱቁ ሲዘጋ ያንን ሣጥን ከምድር ቤት አውጡት። በዘይት ጨርቅ ጥረጉ፣ በፋኖስ ብርሃን ከጎን እያበራችሁ ጽሑፉን አንብቡ፣ ስሙንና ቀኑን በደብተር ላይ ጻፉ። አብዛኛው መልሶ ለሥራ የሚገባ ተራ መፍቻ ይሆናል፤ እሱም ክፉ አይደለም፣ የቀድሞ ሰው በእሳት ቀጥቅጦ የሠራው ብረት ዛሬም ዳዶ ይፈታል። አንድ ሁለቱ ግን ለቁራጭ ብረት ሰብሳቢ የማይሰጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።